ሸክላው ከቀጨኔ፣ ገበታው አራዳ

የአዲስ አበባን ሆቴልና ቡና ቤት ታሪክ የሚያወጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፒያሳ ይጀምራሉ። እውነተኛው መነሻ ግን ከፒያሳ በላይ ነው፤ ዛሬ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚባለው በከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ እንጦጦ አናት ላይ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቆረቆሩት ከተማ እዚያ ነበር። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ጉለሌ የሚለው ስም ደግሞ ከዚያ ሁሉ በፊት በአካባቢው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ የመጣ ነው።

በዚያ ዘመን ሰው ከገዛ ቤቱ ውጭ የሚበላው በዘመድ ቤት፣ በድግስ ወይም በጌታው ግብር ነው። መንገደኛም ቢሆን የማያውቀውን ደጃፍ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ካለ፣ ቆሎም ይሁን እንጀራ የቤቱን ያህል ይቀርብለታል። ለእንግዳ ምግብ ሸጦ ገንዘብ መቀበል የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ እንግዳውም ከፍሎ መብላቱን እንደ ዘመድ አልባነት ይቆጥረው ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው የቤተ መንግሥቱ ግብር ነው። አዳራሹ ሲሞላ፣ ሲነሣ፣ እንደገና ሲሞላ ይውላል። መጀመሪያ መኳንንቱ ይቀርባሉ፣ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ ከዚያ ወታደሩ። ብርንዶው በእንጨት ተንጠልጥሎ በሁለት ሰው ትከሻ ይዞራል፤ ተቀማጩ በገዛ ቢላው ይቆርጣል። ጠጁ ለጌቶቹ በብርሌ፣ ለሌላው በዋንጫ ይቀዳል። ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚከፍለው በአገልግሎትና በታማኝነት ነበር። ከዚያ አዳራሽ እስከ ዛሬው የሬስቶራንት ሒሳብ ወረቀት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የጉለሌ ሰው ደግሞ በመንገዱ ሁሉ አለበት።

እንጦጦ ግን ለከተማ አልተመቸም። ብርዱ ያንሰፈስፋል፣ ውኃው ይርቃል፣ ማገዶው አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃን ወድደው ቤት ሲያሠሩና ቦታውን በ1879 ዓ.ም. "አዲስ አበባ" ብለው ሲሰይሙ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። የማገዶው ችግር ግን ተከትሎ ወረደ። መልሱ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ሆነ። ዛፉ እንጦጦን ከላይ እስከ ታች ሸፈነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የአዲስ አበባ ማእድ ቤት በእንጦጦ ግንድና ቅጠል ነደደ። ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች የዚያ ታሪክ ተሸካሚዎች ናቸው። በከተማዋ ሆቴሎች የተበላው እንጀራ ለብዙ ዘመን የተጋገረው በእነሱ ቅጠል ነው።

ከዚያ የእቴጌ ሆቴል መጣ።

በ1898 ዓ.ም. በአራዳ የተከፈተው ይህ ቤት ኢትዮጵያውያን ከፍለው የሚበሉበትና የሚያድሩበት የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ ይታወቃል። የጣይቱ ሥራ ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲነገር የኖረው ወግ እንዲህ ነው፤ ሆቴሉ ተከፍቶ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ገበታው ተዘርግቶ ሰው ግን አልገባም። ከፍሎ መብላት ማን ይወዳል? ምኒልክ ነገሩን ሲሰሙ መኳንንቱን አስከትለው መጡ፤ በሉ፤ ሲጨርሱ እሳቸው ራሳቸው ከፈሉ። ንጉሥ ከከፈለ በኋላ መኳንንቱ ምን ይላሉ? እነሱም ኪሳቸውን ዳበሱ። በሌላ ቀን በየተራ መጋበዝ ጀመሩ፤ ነውሩ ወደ ወግ ተለወጠ ይባላል።

ወጉ በቃል ሲተላለፍ አንዳንድ ነገር ተጨምሮበት ይሆናል። የያዘው እውነት ግን አይጠፋም፤ አዲስ አበባ ከቤት ውጭ መብላትን የተማረችው ንጉሡ ግብር ማብላታቸውን ለአንድ ቀን ትተው ደንበኛ ሆነው በመቅረባቸው ነው።

የዚያ ቀን አሻራ በቋንቋችን ላይ ቀርቷል። ለአዲስ አበባ ሰው "ሆቴል" ማለት በመጀመሪያ የሚበላበት ቤት ነው። አልጋ የሌላት፣ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ያላት የሽሮ ቤትም ታፔላዋ ላይ "ሆቴል" ብላ ትጽፋለች። "ቡና ቤት" ደግሞ ቢራና አረቄ የሚጠጣበት ሆነ። ቡና መጠጣት የፈለገ ሰው ቡና ቤት ሳይሆን ካፌ ይሄዳል። ኋላ የመጣው "ግሮሰሪ"ም እንዲሁ ነው። በሌላ አገር ሽንኩርትና ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ እዚህ ግን ከሥራ የወጣ ሰው ባንኮኒ ተደግፎ አንድ ሁለት የሚልበት ጠባብ ቤት ነው። ከውጭ ቃሉን ይዞ የተመለሰ ሰው ግሮሰሪ ገብቶ ዳቦ ሲጠይቅ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከባቡሩ ጋር የወይን ጠጅ፣ የታሸገ ምግብና የውጭ አገር ሰው መጣ። ጣቢያው አጠገብ የተከፈተው ቡፌ ደ ላ ጋር ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ሰው የሚዝናናበት ቤት ሆኖ ቆየ። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመ። ጠጅና ጠላ የማያውቁት ተቀናቃኝ መጣባቸው፤ ጠርሙሱ ላይ ፈረሰኛው ሰማዕት ያለበት ቢራ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ "ጊዮርጊስ" የሚለው ትእዛዝ ዛሬም በየቡና ቤቱ ይሰማል።

አምስቱ የጣሊያን ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለሀገሩ የሐዘን ዓመታት ናቸው። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ የሚያስታውስ ሰው ስለ ማኪያቶ ሲወራ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጠላት ሲወጣ ጥሎት የሄደው ነገር አለ፤ ፓስታው፣ የኤስፕሬሶው ማሽን፣ ኬክ ቤቱ፣ አራዳ ያገኘው "ፒያሳ" የሚለው ስም ራሱ። ጥቂት ጣሊያኖችም እዚሁ ቀሩ። የካስቴሊ ቤተሰብ ሬስቶራንት ከዚያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ቡናውን እዚያው ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አፍልቶ ያቀርባል። ደንበኛው ወንበር አይጠብቅም፤ ከፍ ያለችውን ጠረጴዛ ከቦ ቆሞ ይጠጣል። ከነጋ እስኪመሽ የሚነፍሰው የቡና ሽታ ከበር ሳይገቡ መንገድ ላይ ይቀበላል።

አዲስ አበባ የተቀበለችውን ሁሉ እንደ ራሷ አድርጋ ነው የበላችው። ፓስታው በበርበሬ ድልህ ተሠርቶ በእንጀራ ተጠቅልሎ ተበላ። ማኪያቶው "ጠቆር ያለ"፣ "ነጣ ያለ" ተብሎ በአማርኛ ታዘዘ። ረቡዕና ዓርብ የጣሊያን ቤትም ቢሆን የጾም ምግብ ማቅረብ ነበረበት፤ ያላቀረበ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ባዶ ወንበር ይቆጥራል። በየዓይነቱ፣ ያ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች በአንድ እንጀራ ላይ የሚቀመጡበት ገበታ፣ የዚህ የጾም ሥርዓት ውጤት ነው።

ከነጻነት በኋላ ያለው የአዲስ አበባ ሌሊት አንድ ስም አለው፤ ውቤ በረሃ። ስሙ የተወሰደው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። በረሃ ያሰኘው ግን ሌላ ነው፤ ሌሊቱ፣ ብርሃኑ፣ የሚጠፋበት ሰው ብዛት። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ከመሸ በኋላ የሚከፈቱት ቡና ቤቶች የከተማዋ የወሬ መናኸሪያ ነበሩ። ባለ ሥልጣኑ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሾፌሩ በአንድ በር ይገባል። የቡና ቤቶቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እነ አሰገደች አላምረው ስማቸው ከመኳንንት ስም እኩል ይጠራ ነበር። ባሏን የፈታች፣ ከገጠር የመጣች፣ የምትጠጋበት ያጣች ሴት በራሷ ስም ቤት የምትከፍትበት ሌላ መንገድ በዚያ ዘመን ጠባብ ነበር። ብዙዎቹ ገላቸውን ከመሸጥ ጋር ነው ያንን በር የከፈቱት። ይህን ሳይናገሩ ውቤ በረሃን በናፍቆት ብቻ ማንሣት ለእነዚያ ሴቶች ግፍ ነው።

ይህን ሌሊት በጽሑፍ ያቆየልን ከተማዋን ትቶ የሄደ ሰው ነው። ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በሄደ ጊዜ፣ በባዕድ ከተማ ተቀምጦ፣ የተወውን ውቤ በረሃ በአማርኛ ጻፈው። "ሌቱም አይነጋልኝ" እንዲያ ተወለደ። ቋንቋው ከቡና ቤቱ ባንኮኒ የተቀዳ በመሆኑ በሀገር ቤት ለረጅም ጊዜ እንደልብ ሊታተም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶት "የአዲስ አበባ ሌሊቶች" በሚል ርእስ ታተመ። ስብሐት ራሱ በየካቲት 2004 ዓ.ም. አረፈ። ከተማ ውስጥ ሳለ የሌሊቱ አንድ አካል ነበር፤ ሲርቅ ነው ሌሊቱን ከዳር እስከ ዳር ያየው። ስለ አንድ ከተማ ቡና ቤት የሚሰጥ ፍርድ ከርቀት ሲሰጥ የሚጠራው ለዚህ ይመስላል። መስፍን ሀብተ ማርያምም "የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች" ብሎ የጻፈው ያው የሰው ፊት የሚታይበትን ቤት ነው፤ እሱ ግን ከአንዱ ጥግ ተቀምጦ።

ሙዚቃውም በእነዚሁ ቤቶች ነው ያደገው። መሐሙድ አሕመድ አሪዞና በሚባለው ክበብ ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራ እየሠራ ሲኖር፣ ዘፋኝ በጎደለበት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጣ፤ የቀረውን ሀገር ያውቀዋል። በ1962 ዓ.ም. ሒልተን ሲከፈት ሌሊቱ የክራባት ወገን አገኘ፤ ዋልያስ ባንድ እዚያ ሠርቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጉለሌ ምን ይዞ ነበር? ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ፣ ሽቅብ የሚያሻቅበው መንገድ ሽሮ ሜዳ ያደርሳል። በስሙ ውስጥ ወጥ የያዘ ሰፈር ነው። በአንድ በኩል የአሜሪካ ኤምባሲ፣ በሌላው የዶርዜ ሸማኔዎች፣ ከላይ የእንጦጦ ጫካ። ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ቀጨኔ፣ ከዚያ አልፎ የጎጃም መንገድ የሚወጣበት አዲሱ ገበያ። ይህ ሰፈር ታላላቅ ሬስቶራንቶች አልነበሩትም። የነበረው ጠላ ቤት ነው።

ጠላ ቤት ታፔላ የለውም። በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካዩ ዛሬ ጠላ አለ ማለት ነው። ባለቤቷ ሥራውን የጀመረችው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጥባ፣ በወይራ አጥና። ጌሾና ብቅሉን ጠንስሳ ቀናት ትጠብቃለች። እንኩሮውን አንኩራ ጨምራ ትደፈድፈዋለች። ውኃ ተጨምሮበት አፉ በጭቃ ታሽጎ ሲከረም ጠላ ይወጣዋል። የተጣራው ለደንበኛ፣ ጉሹ ለቸኮለ፣ የመጨረሻው ቅራሪ ለጎረቤት ልጅና ለሠራተኛ። ጌሾ ከበዛ ይመራል፣ ብቅል ካነሰ ይዝላል። የእጅ ሥራ ነውና የአንዷ ጠላ ከሌላዋ አይመሳሰልም፤ ጠጪውም የሚሄደው ወደ ሰፈር ሳይሆን ወደ እጅ ነው።

ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ጋን። አዲስ ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል የተቀመጡት ሁሉ ብድግ ይላሉ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ አትነሡ" ይላል ገቢው። ጥጉን ያገኛል።

"እትዬ፣ አንድ ጣሳ ለእኔ፣ ለእኚህ ለአባታችንም አንድ።"

የማያውቃቸውን ሽማግሌ ነው የጋበዘው። ከግብር አዳራሹ የወረደው ልማድ፣ ለእንግዳ ማቅረብ፣ ከጣይቱ ሆቴል ይልቅ እዚህ ነው ሳይጠፋ የኖረው። ሸማኔው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጭነት መኪናው ረዳት ሁሉም እኩል ይቀመጣሉ፤ የሰፈሩ እድርና እቁብ፣ ሐዘንና ሠርግ በዚያ አግዳሚ ላይ ይሰማል።

ቀጨኔ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የአዲስ አበባ ቡና የሚፈላበት ጀበና፣ ሽሮው ተንተክትኮ የሚቀርብበት ድስት፣ ሥጋ ቤቶቹ ጥብስ ከነፍሙ የሚያቀርቡበት ሸክላ ከዚህ ይወጣል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናት አፈሩን ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ በውኃ ለውሳ ትረግጣለች። መንኮራኩር የላትም። ጭቃውን በመዳፏ እየሳበች ሆዱን ታወጣለች፣ ጠባቡን አንገት ታቆማለች፣ ጆሮውን ትቀጥላለች፤ ሲጠነክር በለሰለሰ ጠጠር ታሸዋለች፣ ፊቱ እንደ መስተዋት እስኪያበራ። ደረቅ ከሆነ በኋላ በጭራሮና በቅጠል ይተኮሳል፤ ጭሱ ታፍኖ ሲገባበት ይጠቁራል። ከአሥር ጀበና ሁለት ሦስቱ እሳት ላይ ሲሰነጠቅ የሳምንት ድካም አብሮ ይሰነጠቃል።

እነዚህ ሰዎች ለትውልዶች ተገፍተው ኖረዋል። "ቡዳ" እየተባሉ ሰው ማእዳቸውን ሸሽቷል፣ ልጆቻቸውን ለጋብቻ እምቢ ብሏል፣ መቃብር ቦታም የተከለከሉበት ጊዜ ነበር። ከተማው ግን በእጃቸው ከተሠራ ድስት በልቷል። ይህ የአዲስ አበባ ሬስቶራንት ታሪክ ትልቁ በደል ነው፤ ይቅርታ ያልተጠየቀበትም ነው።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ የሌሊቱ በር ተዘጋ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ብዙ ሆቴልና ቡና ቤት ባለቤቱን አጣ። ሰዓት እላፊ መጣ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ለሕይወት ያሰጋ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ግን መላ አያጣም፤ ክበብ የገባ ሰው በሩ ከውስጥ ተቆልፎበት እስኪነጋ አብሮ ያድራል። ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ያሳጠረ መስሎት አስረዘመው። በየሰፈሩ ደግሞ ቀበሌ መዝናኛ ተከፈተ፤ ቢራው በሰልፍ፣ ወንበሩ የብረት፣ ዋጋው ግን ለሁሉ የሚደርስ። ጉለሌም የራሱ ነበረው። ደርግን አምርሮ የሚጠላ ሰው እንኳ የቀበሌ መዝናኛውን የበረንዳ ወግ በመልካም ያነሣል።

በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ሀገር ለቀቀ። ሱዳን፣ ጅቡቲ፣ ሮም፣ ዋሽንግተን። እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ "ማማ ደስታ" የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። ስሙ የወጥ ሠሪዋ ነው፤ ክብሩ ከባለቤቶቹ ይልቅ ለምድጃዋ እናት ተሰጠ። በከተማይቱ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚያ አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሞላ፤ ኋላ ዩ ጎዳና ተከተለ። ሎስ አንጀለስም እ.ኤ.አ. በ2002 የፌርፋክስ ጎዳናን አንድ ክፍል "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብላ ሰየመች።

የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ትልቁ ችግር ጤፍ ነበር። እንጀራው በስንዴ፣ በገብስ፣ በተዘጋጀ የኬክ ዱቄት ሳይቀር ተሞከረ፤ ዓይን አወጣ እንጂ ጣዕሙ አልመጣም። አይዳሆ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ገበሬ ጤፍ መዝራት ሲጀምር ነው የስደተኛው መሶብ ወደ ራሱ የተመለሰው። ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ስለ ከተማው ምግብ ቤቶች የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ የተለካው በዚህ ነው፤ ባጣው እንጀራ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የሄዱት መመለስ ጀመሩ። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ፒያሳ የወጡ ብዙ ናቸው። ቶሞካ ቆመው ጠጡ፣ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ሚልፎይ በሉ፣ የድሮውን አሳላፊ ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ "ጣዕሙ ጠፋ።" ክትፎው ቅቤው ቀነሰ፣ ጠጁ ስኳር ገባበት፣ የድሮ ጨዋታ የለም፣ ሁሉም ነገር ቦሌ ሄደ።

ክሱ ግማሹ ልክ ነው። ጠጅ ውስጥ ስኳር መግባቱን ጠጅ ጣዮች ራሳቸው ያውቃሉ፤ ማር ሲወደድ የተገኘ መፍትሔ ነው። ሌሊቱም በእርግጥ ደቡብ ወርዷል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ፤ ድራፍቱ በጃንቦ መንገዱን ሁሉ ሞላ። ቺቺንያ፣ ቦሌ፣ ሃያ ሁለት አዲሶቹ የማምሻ ስሞች ሆኑ። የአዝማሪ ቤቶቹ ካዛንቺስ ከተሙ።

ግማሹ ግን የትዝታ ሥራ ነው። ሰው በሃያ ዓመቱ የበላው ክትፎ ቅቤው የሚጣፍጠው ያኔ ሃያ ዓመቱ ስለነበረ ጭምር ነው። ተመላሹ ጣዕሙን ሲፈልግ የሄደው ሁልጊዜ ወደ አራዳ ነው፤ ቀጨኔ ግን አልወጣም፣ ሽሮ ሜዳ ለነጠላ እንጂ ለጠላ አልሄደም። እዚያ ቢሄድ ኖሮ ጀበናው በዚያው እጅ፣ ጋኑ በዚያው ግራዋ ሲታጠብ ያገኝ ነበር።

ከዚያ የአራዳው ማረፊያ ራሱ ተነቃነቀ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ። ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ክፍሉ ከእሳቱ አልተረፈም፤ ሆቴሉ ግን ተጠግኖ ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የያዘው የድሮ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ፈንድቃን የመሰለ አዝማሪ ቤት ከለመደው ቦታ ተነሣ። ለመቶ ዓመት አራዳን የከተማዋ መመገቢያና መጫወቻ ያደረጉት ጠባብ ቤቶች ብዙዎቹ አሁን በፎቶግራፍ ብቻ ነው ያሉት። ጥቂቱ ያረጀና የማይመች ነበር፤ መታደስ ያስፈልገው ነበር። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤት ይሠራል፤ ደንበኛ ግን አይሠራም። ባለቤቷን፣ ሠፈሯን፣ የሃያ ዓመት ጠጪዋን በአንድ ቀን የበተኑባት ጠላ ቤት በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋኗን መጣል አትችልም።

በሌላ በኩል ገበታው ወደ ተነሣበት ተመለሰ። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ምኒልክንና ጣይቱን ብርድና የማገዶ እጦት ካባረሯቸው ተራራ ላይ ካፌና ሬስቶራንት ተከፈተ፤ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሁድ መኪናውን አሰልፎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ከላይ ከተማይቱ ወለል ብላ ትታያለች። ማኪያቶው የሚጠጣበት ሰገነት፣ የግብር አዳራሹ ከነበረበት ከዚያ ተራራ ላይ ነው። የጉለሌ ሰፈሮች በዚህ መንገድ ዳር ናቸው፤ ጎብኚው ግን ብዙውን ጊዜ መስኮቱን ዘግቶ ያልፋቸዋል።

መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ቀጨኔ ላይ መኪና አቁሞ አንድ ጀበና መግዛት ጊዜ አይፈጅም፤ ዋጋውንም ሳይከራከሩ መክፈል ይቻላል። ከዚህ የሚበልጥም አለ። የውቤ በረሃን ሌሊት ስብሐት ጻፈው፤ የጉለሌን ጠላ ቤት ግን እንዲያ የጻፈልን ሰው አላገኘንም። ጋኗን እስከ ዛሬ ያላወረደች እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለቻችሁ ጉለሌዎች፣ ጌሾዋን በስንት ብቅል እንደምታመጣጥን፣ ጥንስሷን ስንት ቀን እንደምታቆይ፣ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ማን እንደነበር ጠይቋት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ቀርጻችሁ አስቀምጡት፤ እሷ ስትሄድ ሌላ ምስክር የለም።